ከቀይ ወዲያ

ሰኞ፣ ጥር 6

ካሜራዬ ተመለሰልኝ። ባለቤቴ ራሱ ነው ከካሜራ ጥገና ሱቁ በውስጥ በር ይዞልኝ የመጣው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ። የሰጠሁት ለጽዳት ነበር፤ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ላይ አቧራ ገብቶ ሙሽሮቼ ሁሉ ጉንጫቸው ላይ ነጥብ እያወጡ አስቸግረውኝ። እሱ ግን "ስጦታ ጨምሬበታለሁ" አለኝ። ሴንሰሩ ፊት ያለችውን ስስ መስታወት አውጥቶ ሌላ፣ ጥቁር ቀይ መስታወት ተክቶባታል። ካሜራው ከእንግዲህ ኢንፍራሬድ ነው የሚያየው፤ ከቀይ ወዲያ ያለውን፣ የሰው ዓይን የማይደርስበትን ብርሃን።

"አንቺ የምታይውን ማንም አያይም" አለኝ። ካቻቪቴው ገና እጁ ላይ ነበር። ፊቱ ሁሉ ደስታ።

ግቢ ወጥቼ አነሳሁ። ግድግዳው ቀይ፣ ሰማዩ ቀይ፣ የተሰጣው አንሶላ ቀይ። ሽሮፕ ውስጥ የወደቅሁ ነው የመሰለኝ።

"የቅዳሜውስ ሠርግ?" አልኩት።

"አይ የኔ ነገር!" ብሎ ግንባሩን መታ። "ጭራሽ ከሐሳቤ ወጥቶ!"

ሐሙስ እራት ላይ ነግሬው ነበር። ምናልባት አልሰማኝም። እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚሰማው፣ እኔ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ነው የማወራው።

ማክሰኞ

ለሙሽራዋ እናት ደወልኩ። "ወይኔ ልጄ፣ አሁን ማን ይገኛል?" አለችኝ። ለማውቀው አንድ ካሜራማን አስተላለፍኳት። ሱቁ ውስጥ መደርደሪያ ሙሉ ካሜራ አለ፤ አንዱን አውሰኝ ብለው "የሰው አደራ ነው ዓለሜ፣ ቢቧጨር ምን ብዬ ልመልስ?" አለ። እውነቱን ነው። የታመነ ሰው ነው። ሁሉ ነገር አሁኑኑ ይሁን የምለው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 11

የሠርጉ ቀን። መጋረጃ አጠብኩ።

በጊዜ ሱቁን ዘግቶ ብርቱካን ገዝቶ ገባ። አብረን ልጠን በላን። "አየሽ፣ ቅዳሜ ማለት እንዲህ ነው" አለ። ጥሩ አባባል ነው። ባለፈው ወር ከከተማ ውጭ ሠርግ ላይ መኪናው ተበላሽቶብን አድሬ ከመጣሁ ወዲህ ቅዳሜን አይወዳትም ነበር። ያኔ ስመጣ የበሩ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር ያገኘሁት። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። "ደክሞሻል" ብቻ አለኝና ሻንጣዬን ተቀበለኝ። እንዲህ ያለ ባል የሚያገኝ ስንት ሰው አለ?

ሐሙስ፣ ጥር 16

ላፍር ነው የተፈጠርኩት። የውኃ መሥሪያ ቤቱን ጡረተኞች የቡድን ፎቶ ላነሳ ከድሮ ጀምሮ ቃል ገብቼ ነበር። ፀሐይ ላይ ስለሆነ እንደምንም አስተካክለዋለሁ ብዬ ሄድኩ። ሁሉም ጥቁር ሱፍ ለብሰው ቆመዋል። ፎቶው ላይ ግን አንዱ የወይን ጠጅ ቀለም፣ አንዱ ሐምራዊ፣ አንዱ የተቀቀለ ቀይ ሥር ለብሷል። ለካ ለዓይን ጥቁር የሆነ ጨርቅ ለዚህ ብርሃን ጥቁር አይደለም። ፊታቸው ደግሞ ሻማ፤ ዓይናቸው በዚያ ሻማ ላይ ሁለት ጥቁር ጉድጓድ።

ከመካከላቸው የቀድሞው የሒሳብ ሹም መነጽራቸውን አውልቀው የካሜራዬን መስኮት ተጠግተው አዩ። "እመቤት፣ እኔ ጡረታ ወጣሁ እንጂ አልሞትኩም" አሉ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ።

ዓርብ

"መልስልኝ" አልኩት። "የድሮዋን መስታወት መልሰህ ግጠምልኝ።"

"ተሰበረች እኮ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የምትሳሳ ናት፤ ሳወጣት እጄ ላይ ተሰነጠቀች። አዲስ አዝዣለሁ። ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ትንሽ ይቆያል።" ትከሻዬን ዳበስ አደረገኝ። "እስከዚያ አረፍ በይ። ቀስ በይ።"

ታናሽ እህቴ ስልክ ላይ ይህን ስነግራት ዝም አለች። እሷ ዝም የምትል ሰው አይደለችም። የአውቶቡስ ቲኬት ስትሸጥ ስለምትውል በመስኮት ሰው ላይ መጮህ ልማዷ ነው። በኋላ "አቶ ቀስ በይ እንዴት ናቸው?" አለች። በዚህ ስም መጥራቷን እንድትተው ብዙ ጊዜ ነግሬያታለሁ።

እሑድ፣ ጥር 26

ሥራ የለም። ስልኩም መጥራት ተወ፤ ሰው ቶሎ ነው የሚረሳው። ቤት ውስጥ እንኳ እንዳልለማመድ አምፖሎቻችን አዲሶቹ፣ መብራት የሚቆጥቡት ናቸው፤ ኢንፍራሬድ የሚባል ነገር አይወጣቸውም። ሳሎናችን ለኔ ካሜራ ድቅድቅ ጨለማ ነው። የሚያይልኝ ግቢ ከወጣሁ ብቻ ነው፤ ግቢው ደግሞ ሲሚንቶ ነው። ከግቢ ልውጣ ካልኩ በሱቁ መስኮት ፊት ማለፍ አለብኝ። ሲያየኝ ይስቅልኛል፤ "ወዴት ነው ዓለሜ?" ይለኛል። ክፉ አይደለም፣ ይጠይቃል እንጂ። ግን መልሱን ሳዘጋጅ መሄዱን እተወዋለሁ።

የጎረቤታችን ዛፍ በግንቡ ላይ ወደ እኛ ዘንበል ብሏል። ያለኝ እሱ ነው።

ዛሬ በርጩማ ላይ ቆሜ የካሜራውን መስኮት ፀሐይ በመታው ቅጠል ብቻ ሞልቼ አነሳሁና ካሜራውን "ነጭ ማለት ይህ ነው" አልኩት። ዋይት ባላንሱን ከቅጠሉ አስወሰድኩት ማለት ነው። መልሼ ዛፉን ሳነሳ ቀዩ ለቀቀ! ቅጠሉ በረዶ የጣለበት መሰለ፣ ሰማዩ ቡና ዓይነት ሆነ። ከበርጩማው ልወድቅ ነበር።

ሮጬ ላሳየው ገባሁ። አየት አደረገና "ከዚህ ካሜራ ቀለም አይገኝም። በጥቁርና ነጭ ነው የሚያምረው፤ አትድከሚ" አለኝ። እሱ ያውቃል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 2

ካሜራው ላይ ደህና የነበረው ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ተመልሶ ቀይ ሽሮፕ። የቀለም ማስተካከያውን ወደ ግራ ገፋሁ፣ ገፋሁ፣ ጫፉ ጋ ደርሶ ቆመ። ፕሮግራሙ የተሠራው ለጤነኛ ካሜራ ነው፤ ይህን ያህል ቀይ ያለበት ዓለም አያውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ከዚያ ጫፍ ጋ ስታገል ከረምኩ። ስልኬ ላይ ሰዎች የጻፉትን ሳነብ ነው የገባኝ፦ ለካሜራው የራሱን የቀለም ፋይል ማዘጋጀት አለብኝ፣ ማስተካከያው ከጫፉ አልፎ እንዲሄድ። ግማሹ አልገባኝም። ድንች ምድጃ ላይ አሳረርኩ።

"ለዚህ ነገር ብለሽ ራስሽን ጎዳሽ" አለኝ። አዝኖልኝ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ልብስ ሳሰጣ የሱቁ መስኮት ክፍት ነበር። አንድ ደንበኛ ካሜራውን እየሰጠው "ደግሞ መስታወቷ እንዳትሰበር ብዬ ፈራሁ" ይላል።

ባለቤቴ ሳቀ። "እኔ እጅ ላይ? ሃያ ዓመት ስሠራ አንዲት መስታወት ሰብሬ አላውቅም።"

ደንበኛ ፊት እንደዚያ ነው የሚባለው። ንግድ ነው። ሸሚዞቹ ደርቀዋል፣ አንሶላው ገና።

ረቡዕ፣ የካቲት 13

ተሳካ!

የቀለሙን ፋይል ሠራሁ፣ ማስተካከያው ጫፉን አልፎ ሄደ፣ ቅጠሉ ነጣ። ከዚያ ያነበብኩትን አደረግሁ፤ ቀዩንና ሰማያዊውን አቀያየርኳቸው። ቀይ የነበረው በሰማያዊ ቦታ፣ ሰማያዊው በቀይ ቦታ። ቡናማው ሰማይ በአንዴ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆነ፤ ቅጠሉ ወርቅ፣ የበሰለ ስንዴ፣ ምን ብዬ ልጥራው? ያ ከግንብ በላይ የተንጠለጠለ፣ አቧራ የለበሰ ዛፍ! እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። ፎቶውን ስልኬ ላይ አደረግሁና ሳህን ሳጥብ አየሁት፣ ስተኛ አየሁት።

አንድ ነገር ደግሞ ተማርኩ። ካሜራው በራሱ ልክ ነው ካለው ብርሃን አጨልሜ ማንሳት አለብኝ፤ አለበለዚያ ቀዩ ሞልቶ ይፈስና ከፈሰሰ የሚመልሰው የለም።

ለባለቤቴ አላሳየሁትም። ሥራ በዝቶበታል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 19

መንጋጋዬ አብጦ ጥርስ ሐኪም ቤት ሄድኩ። እሱ አብሮኝ መጥቶ ውጭ ጠበቀኝ። ሐኪሟ ጠና ያለች፣ ጉልበቷን ለመንጋጋዬ የማትሰስት ሴት ናት። ማደንዘዣው እስኪሠራ ስልኬን ይዤ ስጠብቅ ዛፌን አየችው።

"ይሄ የት አገር ነው?"

ከንፈሬ ግማሹ የለም። "የጎረዌጫችን ዛፍ ነው" አልኩ።

"ምን አሉኝ?"

ጥርሱ ተነቅሎ ምላሴ እስኪመለስልኝ ጠብቃ እንደገና ጠየቀችኝ። በሚቀጥለው ወር አዲስ ክሊኒክ ትከፍታለች። መስኮት የሌለው ሦስት ክፍል ነው። "ሰው አፉን ከፍቶ ተንጋሎ የሚያየው የኔን ጣሪያ ነው" አለችኝ። "ጣሪያ ላይ የሚለጠፍ ፎቶ ፈልጌ የሚያመጡልኝ ሁሉ የባሕር ዳርቻ ሆነ። ከሥር ወደ ላይ የተነሳ ዛፍ ይሠሩልኛል? እንደዚህ ባለ ቀለም? ሰባት እፈልጋለሁ።"

"እሠራለሁ ዶክተር" አልኩ፣ ደም እየዋጥኩ።

መኪና ውስጥ ስነግረው ሞተሩን አስነሣ። "ጥሩ ነው" አለ በኋላ። "ግን ቀስ በይ። ሰባት ብዙ ነው።"

እሑድ፣ የካቲት 24

ከእህቴ ሰፈር አጠገብ ትልቁ መናፈሻ አለ፣ ረጃጅም ዛፎች ያሉበት። ባለቤቴ ወሰደኝ። መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቀኛል። ለኔ የሚሆነው እኩለ ቀን ነው፤ ሌላው ፎቶ አንሺ የሚሸሸው፣ አናት የሚበሳው ፀሐይ። ሣር ላይ በጀርባዬ ተኛሁና ወደ ላይ ማንሳት ጀመርኩ። ሦስቴ ጡሩምባ ነፋ። በሦስተኛው ተነሣሁ።

"ፀሐዩ ይመታሻል ብዬ ነው" አለ።

ቤት መጥቼ ስከፍታቸው ሁሉም መሐላቸው ላይ ነጭ ክብ አለ፣ የባትሪ መብራት የተበራበት ይመስል። ሌንሱ ነው። ለሠርግ የምወደው ትልቁ ሌንስ ይህን ብርሃን አይችለውም፤ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ባጠበብኩት ቁጥር ክቡ ይብሳል። አንድም ፎቶ አልተረፈም። የኔ ጥፋት ነው፣ ቀድሜ መሞከር ነበረብኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 29

ቸኩያለሁ። አሮጌው ትንሹ ሌንስ ንጹሕ ነው! ክብ የለም! ትናንት ወደ ገበያ ብዬ ወጥቼ በአውቶቡስ መናፈሻው ደረስኩ። አራት ጊዜ ደወለ። "ሰልፍ ላይ ነኝ" አልኩት። ለምን ዋሸሁ? እውነቱን ብነግረውስ ምን ይለኝ ነበር? ምንም። ምንም አይለኝም ነበር።

ሦስት ፎቶ አለኝ። መጣ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 4

"የምሥራች!" እያለ ገባ። መስታወቷ መጣች። በሌንስ መጥረጊያ ወረቀት ጠቅልሎ አሳየኝ፤ ስስ፣ ወደ ሰማያዊ የምታደላ፣ ጫፏ እንኳ ያልተነካ። ካርቶን ወይ ማሸጊያ አላየሁም። ጥሎት ይሆናል።

"ዛሬውኑ ልግጠምልሽና ወደ ሠርግሽ ተመለሺ" አለኝ።

"ሥራው ይለቅ፤ አራት ይቀረኛል።"

"ሥራ የምትይው ሠርጉን አልነበረም እንዴ? 'መልስልኝ፣ መልስልኝ' ስትይ የከረምሽው አንቺ ነሽ።"

እውነቱን ነው። ያልኩት እኔ ነኝ። ሳህኖቹን ሰበሰብኩ።

ለምንድን ነው ያኔ ያልመጣችውና አሁን የመጣችው? ፖስታ ነው። ፖስታ በፈለገው ቀን ነው የሚመጣው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 5

ጠዋት ስነሣ ካሜራዬ ጠረጴዛው ላይ የለም።

በውስጥ በር ገባሁ። ሱቁ ገና አልተከፈተም። ካሜራዬ መብራቱ ሥር ጀርባው ተከፍቶ ተኝቷል፤ ብሎኖቹ በነጭ ሳህን ላይ በየተራቸው ተደርድረዋል። መስታወቷ ከጎኑ። ቀና ብሎ አየኝና በሌላ ቀን እንደሚያደርገው ሳቀልኝ።

"ስትነሺ አልቆ እንዲጠብቅሽ ብዬ ነበር።"

"ዝጋው" አልኩት።

"ምን?"

"እንዳለ ዝጋው። አትለውጠው።"

ካቻቪቴውን አስቀመጠ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። የሚቀጥለውንም ማን እንደተናገረው አላውቅም፤ "መስታወቷ አልተሰበረችም ነበር" የሚል ወጣ።

ይክዳል ብዬ ጠበቅሁ። ቢክድ አምነው ነበር፤ እዚህ ደብተር ላይ ሳምነው ነው የከረምኩት።

"አልተሰበረችም" አለ።

ከውጭ አንድ ሰው የሱቁን በር አንኳኳ። አልከፈትንለትም። ሰውዬው ሄደ።

"ያን ሌሊት ደረጃው ላይ ተቀምጬ ስጠብቅሽ" አለ፣ ብሎኖቹን እያየ፣ "መኪናው ተበላሽቶ እንደሆነ ነግረሽኛል። አምኜሻለሁ። እንዲያም ሆኖ ቁጭ ብዬ አደርኩ። አንቺ ወጥተሽ ሰው ታገኛለሽ፣ ትስቂያለሽ፣ የማላውቀው ሰው በስምሽ ይጠራሻል። እኔ እዚህ መስኮት ላይ ነኝ። ትንሽ ጊዜ ብቻ ብዬ ነው። ትንሽ ጊዜ እቤት ብትሆኚ..." አልጨረሰውም።

"ሁልጊዜ እመለስ ነበር እኮ" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ማወቅ አላሳረፈኝም።"

እንዲህ ያለ እውነት ነግሮኝ አያውቅም። አቅፌው ላለቅስ ቃጣኝ። እጄን ግን አልዘረጋሁም። ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ እያንዳንዱን ብሎን መልሶ ሲያጠብቅ አየሁት። መቼም ሥራው ላይ አይቀልድም። ሲጨርስ የካሜራውን መስኮት ጠርጎ፣ አብርቶ ሞክሮ ሰጠኝ።

"አልነካሁትም" አለ።

ዓርብ፣ መጋቢት 6

እህቴ ቤት ነኝ። መናፈሻው ቅርብ ስለሆነ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ እዚያ ለመገኘት ከዚህ ይቀላል። አራት ፎቶ ነው የቀረኝ፣ ከዚያ እመለሳለሁ። እንዲህ ነው ያልኩት፤ "እሺ" አለኝ። በሱቁ መስኮት ፊት ሳልፍ ወዴት ነው አላለኝም።

እህቴ ስታየኝ ትራሷን አካፈለችኝ። አንድ ክፍል ናት ያላት፤ ማታ ስንተኛ ክርኗ ጎድኔን ይወጋኛል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 11

ደመና። ደመና። ደመና። በደመና ቅጠሉ አይበራም፣ ሰማዩም አመድ ነው፤ ቀለም ሊወጣኝ አልቻለም። ክሊኒኩ የሚከፈትበት ቀን እየደረሰ ነው። በየማታው ይደውላል። "ፀሐይ ወጣች?" ይለኛል። "አልወጣችም" እለዋለሁ። ስለ ሌላ ነገር አናወራም። እራቱን በልቶ እንደሆነ ልጠይቀው እፈልግና አልጠይቀውም። ምን ዓይነት ሚስት ነኝ?

"እታለም" አለችኝ እህቴ ጨለማው ውስጥ፣ "ፀሐይ ባትወጣ የሚሻልሽ ይመስላል።"

"ተኚ" አልኳት።

ሰኞ፣ መጋቢት 16

ወጣች! ነፋሱ ከሰማይ ላይ ደመናውን ጠርጎት ሄደ። ሣሩ ላይ ተኝቼ እስኪበቃኝ አነሳሁ። ልጇን የምታናፍስ አንዲት እናት ቆማ "አመመዎት እንዴ?" አለችኝ። "አላመመኝም፣ ሥራ ላይ ነኝ" አልኳት። ማንም ጡሩምባ አልነፋብኝም። አራቱም ተገኙ። አንደኛው ላይ ቅርንጫፎቹ እንደ ጣት ተዘርግተው ሰማዩን ሊይዙት የደረሱ ይመስላሉ፤ ወርቁ ላይ ትንሽ ሮዝ ገባበት፣ እሱንም ሳላጠፋው ተውኩት።

ዓርብ፣ መጋቢት 20

ተሰቀሉ። ሐኪሟ ወንበሩ ላይ ተንጋልዬ እንድመለከት አስገደደችኝ። "አፍዎን ይክፈቱ፣ እንደ በሽተኛ ነው የሚታየው" አለች። ከፈትኩ። ሁለታችንም ሳቅን። ጓደኛዋ ለምትሠራው የማዋለጃ ክፍልም እንደዚህ ያለ ትፈልግ እንደሆነ ልትጠይቅልኝ ነው።

እሱም መጥቶ ነበር። አበባ ሳይይዝ፣ የሱቅ ልብሱን እንደለበሰ። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ቆሞ አንገቱን ቀልብሶ አየ። አጠገቡ ለነበረ ሰው "ካሜራውን የሠራሁላት እኔ ነኝ" ሲል ሰማሁት። ሐሰት አይደለም።

ሲወጣ "ስለዚህ አለቀ" አለኝ።

"አለቀ።"

"ነገ እንግዲህ።"

ምንም አላልኩትም። እሺ ያልኩት መስሎት ሄደ።

እሑድ፣ መጋቢት 22

ትናንት አልሄድኩም። እህቴ የሚታጠብ ልብስ አለን ብላ ስታጥብ ዋለች፤ ላግዛት ብዬ ነው።

ዛሬ ደወለ። እህቴ ሥራ ላይ ናት፣ ብቻዬን ነበርኩ።

"ሥራው አለቀ አላልሽም?"

"አልቋል።"

"ታዲያ?"

በስልኩ ውስጥ የሱቁ የግድግዳ ሰዓት ይሰማኛል።

"መስታወቷን ካሻሽ እገጥምልሻለሁ" አለ። "ካላሻሽ ደግሞ እንዳለ ይሁን። የፈለግሽበት ሂጂ። አልደውልም፣ አልጠይቅም። ነይ ብቻ።"

ይህን ከልቡ ነው ያለው። አውቀዋለሁ። ሁለትና ሦስት ሳምንት ከልቡ ይሆናል፣ ከዚያ አንድ ቀን አምሽቼ ስመጣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ፤ ክፉ ቃል አይናገረኝም፣ "ደክሞሻል" ይለኛል።

"አልመጣም" አልኩት።

"ዛሬ?"

"አልመጣም።"

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። እሱም ወዲያው አልዘጋም፣ እኔም አልዘጋሁም። በኋላ ደንበኛ ገባበት መሰለኝ፣ "እንደምን ዋሉ፣ ምን ልታዘዝ?" ሲል ሰማሁት፤ ስልኩ ተዘጋ።

እህቴ ከሥራ ስትመለስ ነገርኳት። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቁምሳጥኑን ከፈተችና የራሷን ልብሶች በክንዷ ወደ አንድ ጎን ገፋ አደረገቻቸው።